«ደህና ነኝ» ያለ ወደ ጭራ

በ2094 ዓ.ም. ግንቦት በገባ በአምስተኛው ቀን የአክስቴ የትጓደድ ጉልበቶች ወደ ኋላ ብቻ መሄድ ጀመሩ።

ከዚያ በፊት እንከን አልነበረባቸውም። ፊተኛ ከሚባለው መደብር የተገዙ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ክራር የሚመቱ ጉልበቶች ናቸው። በሰፈራችን እናቱ የወለደችለትን ጉልበት ይዞ የቀረ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔም የቀረሁት ወግ አጥባቂ ሆኜ ሳይሆን ሰልፍ ስለሚያስጠላኝ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የከተማው ጉልበት ሁሉ ማሻሻያ ይቀበላል። በዚያ ግማሽ ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ቆሞ የሚታይ ሰው የለም። ትራፊክ ፖሊሱ አስፋልቱ መሃል፣ አስተማሪው ሰሌዳው ሥር፣ ሌባው አጥሩ ላይ ቁጭ ይላል። ሌባና ፖሊስ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ኳስ ሲያወሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ማክሰኞ ግማሽ ሰዓቱ አለቀና ሁሉም ተነሳ። አክስቴም ተነሳች፤ ወደ በሩ እሄዳለሁ ስትል ከበስተኋላዋ ካለው ቁም ሳጥን ጋር ተላተመች።

«ሰጥአርጌ!» ብላ ጠራችኝ። «በሩ ሸሸኝ!»

«በሩስ ቆሟል አክስቴ። የሸሸሽው አንቺ ነሽ።»

ደግማ ሞከረች። ቁም ሳጥኑን ደግማ መታችው። ወደ ፊት ባለች ቁጥር ጉልበቶቿ ክራራቸውን እየመቱ ወደ ኋላ ይወስዷታል። እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እውነቱን ለመናገር እስከ ቀትር ድረስ ስቄያለሁ። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ፤ እሁድ ሰርጓ ነው።

አክስቴ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሙሽራው ጋሼ ድንበሩ ይባላል፤ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባ ዓመት ደመና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። አክስቴ በደስታ ልትስመው ስትራመድ ጉልበቶቿ ወደ ጓዳ ወሰዷት። እሱ ተከተላት። እሷ ልትቀበለው ስትቸኩል ጭራሽ ባሰ፤ በጓዳው በር ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ የጎረቤት ዶሮዎች መካከል ገባች።

«ትጓደድ፣ ምን ሆነሻል?» አላት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ምንም አልሆንኩ! ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችው ከዶሮዎቹ መካከል።

ጋሼ ድንበሩ ብርቱካኑን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ሰጤ፣» አለኝ፣ «አርባ ዓመት ደመና ነድቻለሁ። የሚሸሽ ነገር አይጠፋኝም። እሁድ ሰው ፊት አንዲት እርምጃ፣ አንዲት ብቻ፣ ወደ እኔ ከመጣች ዓለሜ ነው። ካልመጣች ግን ገብቶኛል፤ አላስጨንቃትም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጉልበቷ ተበላሽቶ ነው!»

በሐዘን አየኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኔ ሰጥአርጌ በሕይወቴ እውነት የምናገረው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። አምና ለዚሁ ሰውዬ «ጡረተኛ ደመና ነጂ ላም ባየ ቁጥር ባርኔጣውን እንዲያነሳ አዋጅ ወጥቷል» ብዬው፣ ክረምቱን ሙሉ ለሱሉልታ ላሞች ባርኔጣውን ሲያነሳ ከርሟል። ያን ቀን እውነት ብነግረው ማን ይመነኝ?

«አንቺ ራስሽ ንገሪው» አልኳት አክስቴን።

«ምን ብዬ? ሊጠይቀኝ የመጣን ሰው ‹ደህና አይደለሁም› ብዬ ላስደንግጠው? እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

ስለዚህ ሐሙስ ማለዳ ጉልበቶቹን ልናስቀይር ወደ ፊተኛ መደብር ሄድን። እኔ ወደ ፊት፣ እሷ ወደ ኋላ።

መደብሩ ያለው ገርጂ ነው። የሰልፉ ራስ ገርጂ፣ ጭራው ለገጣፎ። ራሱ ላይ ፀሐይ ሲያነድ ጭራው ላይ በረዶ ይጥላል፤ ሰልፈኛው ጃንጥላና የፀሐይ መነጽር አብሮ ይይዛል። ከሰልፈኛው እኩሌታው የሚጠገን ነገር የለውም፤ እዚያ ሰልፍ ላይ መታየት ስለሚያኮራ የመጣ ነው። ራሱን እየቀረጸ ዘመድ አዝማዱ እንዲያየው በቀጥታ ያስተላልፋል። ሥራ ያለበት ሰው ደግሞ እንደ ጥንቱ በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩም የዋዛ አይደለም። እኔ በመሃል ልሾልክ ብል አንዱ ድንጋይ «አንተ ሌባ! ሰው አለበት!» ብሎ አዋርዶኛል።

የሚገርመው ሰልፉ አለመቆሙ ነው። እንደ ወንዝ ይሄዳል። መደብሩ በግድግዳው ላይ ሰው በሚያህል ፊደል «አንድን ደንበኛ በአሥራ አንድ ሰከንድ እናስተናግዳለን! ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ረክቶ ይወጣል!» ብሎ ጽፏል። አክስቴ ፊቷን ወደ ኋላችን ሰልፈኛ አዙራ ስለምትሄድ ለገጣፎ የጀመረችውን ሰላምታ ጃክሮስ ስንደርስ ነው የጨረሰችው።

ውስጥ ስንገባ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሃምሳ ወጣቶች አጨበጨቡልን። ደሞዝ የሚበሉት ለዚሁ ነው። ከእነሱ ወዲያ ትሁት ቆማለች። ትሁት ሰው አይደለችም፤ አንገቷ እንደ ሰጎን የረዘመ፣ ፊቷ እንደ ሰሃን የከበበ፣ የአገሩን ወግ ሁሉ ተምራ የጨረሰች አስተናጋጅ ናት። የምትሰማው የዕቃውን ባለቤት ብቻ ነው፤ እኔ ብጮህ ብፈነዳ ዞር ብላ አታየኝም።

«እንደምን አረፈዱ ወይዘሮ ትጓደድ? እንዴት ነዎት?»

አክስቴ ጀርባዋን እንደሰጠች አንገቷን ጠምዝዛ፣ ፈገግ ብላ፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ሰላም ነው?» አለቻት።

ትሁት ፊቷ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። «ደንበኛችን ደህና ናቸው። ችግርዎ ስለተፈታ እንኳን ደስ አለዎት!»

ሃምሳዎቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናጉት። የቆምንበት ወለል ተሸራተተ፣ በኋላ በር አወጣን፣ አበባ ያጌጠች ትንሽ ጋሪ ላይ ጣለን፤ ጋሪዋ ከሰልፈኛው ጎን ለጎን እየከነፈች ወስዳ ጭራው ላይ ደፋችን። ለገጣፎ። በረዶ እየጣለ ነበር።

«አሥራ አንድ ሰከንድ» አለ አንድ ሰው ከጎናችን፣ ሰዓቱን እያየ። «እንደ ሁሉም።»

ሰውዬው ሻምበል ወንዳፍራሽ ነበር፤ የቀኝ ጆሮው የሳሙና ማስታወቂያ ብቻ የሚያሰማው፣ ሊያስጠግን መጥቶ ሦስት ዓመት ጭራው ላይ የቀረ ጡረተኛ መኮንን። ነገሩን ያስረዳን እሱ ነው። ይህ ሰልፍ ራስና ጭራ የለውም፤ ክብ ነው። ትሁት «እንዴት ነዎት?» ትላለች፣ ሰው «ደህና» ይላል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና» ነው የሚለው። «ይመስገን» ያለም «አልሐምዱሊላህ» ያለም እኩል ይባረራል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጀግና ከሰላምታው አምልጦ «አዲስ እንስጥዎት?» እስከመባል ደርሶ ነበር። «አይ፣ ምን አስቸገራችሁ፣ ግዴለም» አለ፤ እንደ ጨዋ ሰው፣ እስኪለመን። አልተለመነም። እሱም ለገጣፎ ነው።

ሻምበሉ ለዚህ መላ ብሎ ጭራው ላይ የብልግና ትምህርት ቤት ከፍቷል። ደረትን ነፍቶ «ደህና አይደለሁም!» ማለት ያስተምራል። አክስቴ እዚያው ተመዘገበች።

«እንዴት ነህ?» ብሎ ጮኸ ሻምበሉ ከእኛ ፊት በነበረ ተማሪ፣ በአንድ ወፍራም ነጋዴ ላይ።

«ደህና አይደለሁም» አለ ነጋዴው መሬት መሬት እያየ።

«ፊቴን እያየህ!»

«ደህና አይደለሁም… ይቅርታ ሻምበል።»

«ይቅርታ አትበል!»

«እሺ አልልም። እርስዎስ ግን ደህና ነዎት?»

ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ በረዶው ላይ ወረወረ። «ይሄ አገር አይማርም!»

«ታዲያ እርስዎ ራስዎ ገብተው ለምን አይሉላትም?» ብዬ ነካካሁት።

«አስተማሪ ፈተና አይቀመጥም» አለኝ።

ሐሙስ አራት ጊዜ፣ ዓርብ አምስት ጊዜ ሄደን ዘጠኙንም ተጨበጨበልን። አክስቴ አልሰነፈችም። በስድስተኛው ላይ ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ በላብ ሆና «ደ… ደህና አይ…» እስከማለት ደርሳ ነበር። ትሁት በለሰለሰ ድምፅ «አይዞዎት እናቴ» ስትላት ግን አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። «ኧረ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ!» ብላት አረፈችው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አንድ ነገር አየሁ። ከፊታችን ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች፤ ባሏን ከቀበረች ሳምንቷ ነው። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሃምሳዎቹ አላጨበጨቡም። ትሁት ረዥም አንገቷን ደፋች። «እንዴት ነዎት» የምትል ቃል አልወጣትም። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ሴትዮዋ ዕቃዋን አሳየቻት፤ አዲስ ተሰጣት። በፊት ለፊቱ የመውጫ በር ወጣች! በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ በር ሰው ሲወጣ ያየ አልነበረም፤ በሩ ራሱ ሲከፈት ጮኸ።

ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ናት» አለ። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍልን ሦስቴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገር ሲደጋገም ቶሎ ይገባኛል። ለቅሶ ቤት ሰላምታ የለም! ገብተህ ትቀመጣለህ እንጂ «እንዴት ነህ» አትልም። ትሁትም የአገሩን ወግ ሁሉ ተምራለች።

«አክስቴ፣ ጥቁር ልበሺ» አልኳት።

«ሰርጌ ከነገ ወዲያ ሆኖ? ሟርተኛ! ምላስህ ይቆረጥ!»

ስለዚህ ሳልነግራት ሠራሁት። ሰልፉ ከኖረ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ የራሱ እድር አለው፤ ድንኳንም፣ ወንበርም፣ ጥሩምባ ነፊም። የእድሩ ዳኛ ማን ነው? ሻምበል ወንዳፍራሽ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ጉልበት።»

ቀኝ ጆሮውን ነካ አደረገ። «ማስታወቂያው ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አረፋው ይጣፍጣል› ሲለኝ ኖሯል» አለ። «ውሰድ ድንኳኑን።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የአክስቴ ተራ ደረሰ። ትሁት አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ልትከፍት ስትል ጥሩምባው ተነፋ፤ ሻምበሉና አሥራ ሁለት ሰልፈኞች ድንኳኑን ተሸክመው ገብተው በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ፣ በአዲሶቹ ጉልበቶች ማሳያ መካከል፣ ተከሉት። ሰው ወንበር ይዞ ቁጭ አለ። ሃምሳዎቹ አጨብጫቢዎች እጃቸውን ከፍተው ቀሩ። አክስቴ ገና «ምንድነው…» ስትል እኔ ደረቴን እየደቃሁ ጀመርኩ፦

«ጉልበት ሆይ ጉልበት፣ ኧረ አንቺ ጉልበት፣
ምን ዓይነት ጉልበት ነሽ፣ የአክስቴ ጉልበት!»

ትሁት ዓይኗን አርገበገበች። «ለቅሶው አልተረጋገጠም» አለች።

ጨመርኩበት፦ «ወይን ጠጅ ጉልበት! ባለ ክራር ጉልበት!»

«ለቅሶው አልተረጋገጠም።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። ነጋዴው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በዚህ መሃል ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። አክስቴ ትጓደድ የጎጃም ሰው ናት። በወጣትነቷ ሙሾ ስታወጣ ቀባሪው መቃብሩን ትቶ ይሰማት ነበር ይባላል። ፊቷ በንዴት ቀላ። ሟርቱንም ሰርጉንም ረሳች።

«ዝም በል!» አለችኝ። «ሙሾ እንዲህ አይወጣም! የሞተን ሰው ታስቀዋለህ እንዴ? ዞር በል ከዚህ!»

ነጠላዋን አገለደመች። ዓይኗን ጨፈነች። ስትጀምር ድምፅዋ የእኔን ሳቅ ጭምር ይዞት ሄደ፦

«ዳገት የወጣሁብሽ፣ ቁልቁለት የወረድኩብሽ፣
ለአምሮት ብዬ ሰጠሁሽ፣ ጉልበቴ ወዴት ጣሉሽ?

ስሰግድ አብራኝ ሰጋጅ፣ ስጨፍር አብራኝ ጨፋሪ፣
ያቺን የመሰለች ጉልበት፣ እኔው ሆንኩላት ቀባሪ!»

የምታለቅሰው ወይን ጠጅ ለሆኑት አልነበረም። እነሱን ለማስገባት ላስወጣቻቸው፣ እናቷ ለወለደቻቸው ነበር። እውነተኛ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ነጋዴው መጀመሪያ ፈነዳ፤ እሱ ለምን እንዳለቀሰ አላውቅም፤ ክርኑን ይዞ ነበር። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ከዚያ ውጪ ያለው ሰልፈኛ፣ እያንዳንዱ የለወጠውን አካል ይዞ፣ አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ ክንዱን፣ እስከ ጃክሮስ አለቀሰ። ድንጋዮቹ ሳይቀሩ «ሰው ነበረበት! ሰው ነበረበት!» ይሉ ነበር። የሚያስተላልፈውም እያለቀሰ ያስተላልፋል፤ በከተማው ሁሉ ድንኳኑ ታየ፣ «ትጓደድ! ትጓደድ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ትሁት አንገቷን እስከ ወለል ደፋች። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለች። ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «አዲስ ጉልበት እንስጥዎት?»

እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። አክስቴ እንባዋን ጠረገች።

«አይ ልጄ፣ ምን አስቸገራችሁ። ይቅርብኝ።»

«ውይ!» አለ ድንኳኑ በአንድ አፍ። ሻምበሉ ግንባሩን መታ። ሁሉም የአበባዋን ጋሪ እየጠበቀ ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሪዋ አልመጣችም። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ «አልበላም» ቢል ማን ይሰማዋል? ትሁት ቀና ሳትል፣ በዚያው በማይወጣ በማይወርድ ድምፅዋ፣ «በሞቴ» አለች። «አፈር ስሆን። ለእኔ ሲሉ። እንቢ አይበሉኝ።»

«ኧረ አይገባም…»

«በሞቴ፣ በሞቴ፣ በሞቴ።»

«እሺ በቃ፣ አንቺ አትሙቺብኝ» አለች አክስቴ።

አዲሶቹን ጉልበቶች ገጠሙላት። ጥቁር፣ ጸጥተኛ፣ ክራር የሌላቸው። ገጥመው ሲጨርሱ ውጪ ሌላ ዓይነት ጩኸት ተሰማ፤ ሰልፉ እንደ ባሕር ተከፈለና ጋሼ ድንበሩ ገባ። ባርኔጣው የለ፤ አንድ ጫማው የለ፤ ያ ዝምተኛ ሰውዬ ከቤቱ ጀምሮ በሩጫ፣ «ትጓደዴን! ትጓደዴን! ሳትነግሪኝ!» እያለ እየጮኸ ነበር የመጣው። ድንኳኑን ሲያይ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ አያት።

ተነሳች። ቀኝ እግሯን አነሳች። እኔ በልማድ ከኋላዋ ዞር አልኩላት። እግሯ ወደ ፊት አረፈ። ግራውም። ወደ ፊት መራመዷን አይታ ራሷ «እሰይ!» አለች፤ ከዚያ እርምጃው ቀርቶ ሩጫ ሆነ፤ አዳራሹን በግማሽ ትንፋሽ አቋርጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አልሞትሽም?»

«ጉልበቴ ነው የሞተው። ወደ ኋላ ሲወስደኝ ነው የከረመው።»

«ከእኔ ስትሸሺ አልነበረም?»

«ወደ እርስዎ ስመጣ ነበር እኮ!»

ጋሼ ድንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ እውነት ተናግረህ ነበር?» አለኝ። አፈርኩ። ወደ እሷ ዞረና ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። «ቆይ፣ አሁንስ እንዴት ነሽ?»

ሻምበሉ «እንዳትመልሺ!» ብሎ ጮኸ። ዘገየ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አክስቴ። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለችውን አልሰማሁም፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ እውነት ነበር።

ትሁት አንገቷ ተቃና። አረንጓዴው በራ። «ደንበኛችን ደህና ናቸው። ችግርዎ ስለተፈታ እንኳን ደስ አለዎት!» ሃምሳዎቹ የታፈነ ጭብጨባቸውን ለቀቁት። ወለሉ ተሸራተተና ሁለቱን እንደተቃቀፉ የአበባዋ ጋሪ ላይ አስቀመጣቸው። ጋሪዋ ከሰልፈኛው ጎን ለጎን ከነፈች፤ ከገርጂ እስከ ለገጣፎ የተሰለፈ ሕዝብ ከለቅሶ ወደ እልልታ ተሻገረ። በአንድ ቀን ተቀድሞ ሰርጉ እዚያው ሆነ። ከዚያ የረዘመ የሙሽራ አጀብ አይቻለሁ የሚል ካለ ከእኔ የባሰ ውሸታም ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነበርን። ቀጣዩ ተራ የዳኛው ነው ተብሎ ሻምበል ወንዳፍራሽ ወደ ፊት ተገፋ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ደረቱን ነፋ። የደስታ እንባውን በቆቡ ጠረገ።

«እንደምን አረፈዱ ሻምበል? እንዴት ነዎት?»

«ኧረ በጣም ደህና ነኝ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ፣ ፊቱ እስኪሰነጠቅ ፈገግ ብሎ።

ወለሉ ወሰደው። እሱም ለገጣፎ ሲደርስ ሰርጉን ደረሰበት።